ከገበጣ ጉድጓድ እስከ ጌም ላፕቶፕ፦ በስሜን ተራሮች ግርጌ የመጫወቻ መሣሪያ አመራረጥ ታሪክ

(ይህ ጽሑፍ በፋኩልቲው አዳራሽ ከቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ የድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ድግግሞሾች ወጥተዋል።)



የዛሬው ገለጻ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ወዲህ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ባገኘኝ ቁጥር «የታሪክ ሰዎችም ላፕቶፕ መነገድ ጀመራችሁ ወይ?» እያለ ሲያሾፍብኝ ሰንብቷል። (ሳቅ) ንግድ አልጀመርንም። ጥያቄው የመጣልኝ ከገበያ መሆኑን ግን አልክድም።

ባለፈው ዓመት በአንድ ምሽት የእኅቴ ልጅ ከደባርቅ ደወለልኝ። ልጁ ሃያ ዓመት አልሞላውም። አባቱ የስሜን ተራሮችን ለመጎብኘት የሚመጡ እንግዶችን ጓዝ በበቅሎ ሲያጓጉዝ የኖረ ሰው ነው፤ ልጁም ከትምህርት ሰዓት ውጭ ከበቅሎዎቹ ኋላ ሲሄድ ነው ያደገው። ራሱ ካጠራቀመው ላይ እናቱ በግ ሸጣ ጨምራለት የተወሰነ ገንዘብ በእጁ ገብቷል። «ጋሼ» አለኝ፤ «በዚህ ብር ጌም የሚያጫውት ላፕቶፕ አገኛለሁ? እኔ ስለ ላፕቶፕ ምንም አላውቅም። የቱን ልግዛ?» መልስ ሳልሰጠው እናቱ ስልኩን ተቀበለችና «ወንድምዬ፣ ልጁ እንዳይታለልብኝ አደራ» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የዚህ ልጅ አባት በገበያ ቀን አንዲት በቅሎ ሲገዛ ማንንም አይጠይቅም። ጥርሷን አይቶ፣ ኮቴዋን አንሥቶ፣ ጀርባዋን ዳብሶ፣ ጥቂት አስሂዶ ይወስናል። ያን ዕውቀት ከአባቱ ወረሰው፤ አባቱም ከአያቱ። ታዲያ ልጁ ከበቅሎ ዋጋ የማይተናነስ ገንዘብ ይዞ ገበያ ሲወጣ የሚጠይቀው አባት ለምን አጣ? «መሣሪያው አዲስ ስለሆነ ነው» ብሎ መመለስ ይቻላል፤ እኔ ግን ይህ መልስ ግማሹ ብቻ ነው ባይ ነኝ። በዚህ አካባቢ የመጫወቻ መሣሪያ ለረጅም ዘመን የጋራ ወይም የኪራይ ሆኖ ኖሯል፤ መርጦ የመግዛት ዕውቀቱም በአንድ ሰው፣ በቤቱ ባለቤት እጅ ብቻ ተይዞ ቆይቷል። የጌም ላፕቶፕ አንድ ወጣት በራሱ ገንዘብ ለራሱ የሚገዛው የመጀመሪያው ውድ መጫወቻ ነው። ዛሬ ላስረዳ የምሞክረው ይህንን ነው።

ከገበጣ ልጀምር። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 እ.ኤ.አ. «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ገበጣና ስለ ተዛማጅ ጨዋታዎች ሰፊ ጥናት አውጥተዋል። ከአንዱ አካባቢ ወደ ሌላው የጉድጓዱ ብዛት፣ የጠጠሩ ቁጥርና ሕጉ እንዴት እንደሚለያይ ከዚያ ሥራ መረዳት ይቻላል። እኔ ዳባት ሳድግ የማውቀው ገበጣ ግን ከእንጨት የተጠረበ አልነበረም። ከብት ስንጠብቅ መሬቱን በዱላ ቆፍረን ጠጠር፣ ጠጠር ሲጠፋ የፍየል በጠጥ እናስገባበት ነበር። ሲመሽ ጥለነው እንሄዳለን። በማግስቱ ሌሎች እረኞች መጥተው ይጫወቱበታል። ባለቤት የሌለው፣ ዋጋ የሌለው፣ ስለዚህም ምርጫ የማይጠይቅ መጫወቻ ነበር።

በሌላው ጫፍ ሰንጠረዥ አለ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1814 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ወዳድ እንደነበሩ ጽፏል። የእኛ ሰንጠረዥ ከሌላው ዓለም የሚለይበት አንድ ግሩም ነገር አለው። በጨዋታው መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እጃቸው በፈጠነ መጠን ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ማለት ነው። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። ዛሬ የኮምፒውተር ጌም ወዳጆች ተራ የሚጠበቅበትንና የማይጠበቅበትን የስልት ጨዋታ ሲለያዩ ስሰማ፣ አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ገበታ ላይ አዋሕደው ነበር እያልሁ ፈገግ እላለሁ። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ግን ሌላው ነገር ነው። ሰንጠረዥ የመኳንንት ቤት ጨዋታ ነበር፤ ገበታውም ጠጠሩም የጌታው ናቸው። ድሃው እንደ ገበጣ ያለ ዋጋ የሌለው መጫወቻ ነበረው፤ ባለጸጋው ዋጋ ያለው። በመካከል የሚገኝ፣ ተቸግሮ አጠራቅሞ መጫወቻ የሚገዛ ሰው አልነበረም።

መካከሉን የፈጠረው መንገድ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ አልፎ በሊማሊሞ ቁልቁል ወደ ሽሬና አክሱም የሚወስደውን መንገድ ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን ሠሩት። ጎንደር ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ዳባት ከደባርቅ በፊት የምትገኝ የመንገድ ከተማ ናት። ከደባርቅ አለፍ ብሎ ያለው የወልቅፊት በር በ1941 እ.ኤ.አ. የኢጣሊያ ጦር ለወራት ተከቦ መስከረም መጨረሻ ላይ እጁን የሰጠበት ምሽግ ነው፤ ጎንደርም በዚያው ዓመት ኅዳር ነጻ ወጣች። ወራሪው ሄደ፤ መንገዱና መንገድ ዳር የበቀለው የከተማ ኑሮ ግን ቀረ። ከዚያ ኑሮ ጋር በአገራችን ከተሞች ሥር የሰደደው አንዱ ጨዋታ ከረንቦላ ነው፤ ስሙን እንኳ ከጣሊያንኛ አልለወጥነውም። ቀጥሎ ጆተኒ መጣ። ይህ ስም ሁልጊዜ «ጄቶኒ» የሚለውን የጣሊያንኛ ቃል ያስታውሰኛል፤ ወደ ማሽን የሚገባ የመጫወቻ ሳንቲም ማለት ነው። ጆተኒ ቤት የገባ ልጅ መጫወቻውን አይገዛም፤ ጥቂት ደቂቃ ይከራያል።

ጆተኒ ቤቱን በኋላ ፕሌይስቴሽን ቤት ተካው፤ ብዙ ጊዜም በዚያው ክፍል ውስጥ። መጀመሪያ የገባሁበትን አስታውሳለሁ፦ ጭቃ ግድግዳ፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ከተጫዋቹ ይልቅ የሚበዛ ተመልካች። ክፍያው በጨዋታ ነበር። የተሸነፈ ይከፍላል፤ ያሸነፈ ይቀጥላል። ታዲያ ያን ጊዜ ልብ ያላልሁትንና አሁን እንደ ታሪክ ሰው የማየውን ልንገራችሁ። የቤቱ ባለቤት ስለ መሣሪያው ብዙ ያውቅ ነበር። የትኛው ማሽን የተቀዳ ዲስክ እንደሚያነብ፣ የትኛው ጆይስቲክ ቶሎ እንደሚላላ፣ መብራት ሲወዛወዝ ስታቢላይዘር የሌለው ማሽን ምን እንደሚደርስበት፣ ክረምት ላይ በአቧራ ፋንታ እርጥበት እንደሚጎዳው፣ ሁሉንም በገንዘቡ ተምሮታል። መሣሪያው ቢበላሽ ኪሳራው የእርሱ ነው። እኛ ደንበኞቹ ኪሳራውን አልተካፈልንም፤ ዕውቀቱንም አልተካፈልንም። በዳባትና በደባርቅ በሺህ የሚቆጠር ሰዓት ጌም የተጫወተ ትውልድ አድጓል፤ ከዚያ ትውልድ መሣሪያ መርጦ የገዛው ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

ኮምፒውተር በበኩሉ ወደ አገራችን የገባው በመጫወቻነት ሳይሆን በመሥሪያ ቤት ዕቃነት ነው። ሕዝቡ ያወቀው የጽሑፍ ማሽን ምትክ አድርጎ ነው። ኢንተርኔት በ1997 እ.ኤ.አ. አገልግሎት ላይ ዋለ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1999 እ.ኤ.አ.፣ በአንድ መጸው ሁለት ነገሮች ሆኑ፤ እርስ በርሳቸው አይገናኙም፤ እኔ ግን አንድ ላይ ማንሣት እወዳለሁ። በመስከረም የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ ዕትም ፊደላችንን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓለም በሚጋራው የኮምፒውተር ሥርዐት ውስጥ አስገባ። በዚያው ሰሞን ኢንቪዲያ የተባለው ኩባንያ «ጂፎርስ 256» የሚል ስም ያለውን የግራፊክስ ካርድ ለገበያ አቀረበ፤ ኩባንያው በዓለም የመጀመሪያው የግራፊክስ ፕሮሰሰር ብሎ ያስተዋወቀው እርሱ ነው። እኛ የጻፍነውና የተነጋገርነው ስለ መጀመሪያው ነበር፤ የሚገባንም ነበር። ሁለተኛውን ልብ ያለው ሰው አልነበረም። የእኅቴ ልጅ ጥያቄ በሙሉ ያለው ግን በሁለተኛው ውስጥ ነው።

ለልጆች ላፕቶፕ የማዳረስ ሙከራም ተደርጓል። «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ትምህርት ቤት ላልደረሱ ልጆች ታብሌት ከፀሐይ ኃይል መሙያ ጋር ሰጥቶ፣ ያለ አስተማሪ ምን እንደሚያደርጉ ተከታትሎ ነበር። ልጆቹ ማሽኑን ለመክፈት ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ በወራት ውስጥ ሆን ተብሎ የተዘጋውን ካሜራ ሳይቀር ከፈቱት። ይህ ታሪክ ዓለምን አስደንቋል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን በዚያም ቢሆን መራጩ ሌላ ሰው መሆኑ ነው። ልጆቻችን መሣሪያ መጠቀም እንደሚችሉ ለማረጋገጥ ያን ያህል ርቀት መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ ማንም ጌም ቤት ገብቶ ማየት ይችል ነበር። ያልተሞከረው መምረጥ ነው።

እኔም አልሞከርሁትም፤ ስሞክርም ተታለልሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሥልጣኔ ተገንብቶ የሚፈርስበትን «ሲቪላይዜሽን» የተባለውን ጨዋታ ማየት ፈለግሁ። የጨዋታው ስድስተኛ ዕትም በ2020 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን በዳግማዊ ምኒልክ መሪነት አካትቷል። ከእርሱ በፊት «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» በ2015 እ.ኤ.አ. ሾተል የታጠቀ ኢትዮጵያዊ ጦረኛ አስገብቶ ነበር። የውጭ ሰዎች ታሪካችንን ለመጫወቻ ሲቀርጹት ምን እንደሚመስል ለተማሪዎቼ ላሳይ አስቤ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። ሻጩ ስቲከሩን በጣቱ መታ መታ እያደረገ «ኮር አይ 7 ነው እኮ መምህር፤ ከዚህ በላይ የለም» አለኝ። አመንሁት። ቤት ወስጄ ጨዋታውን ስጭንበት ካርታው እየተንቀረፈፈ፣ ፋኑ እንደ ወፍጮ እየጮኸ፣ ምኒልክ አንድ ዓረፍተ ነገር እስኪጨርሱ ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። (ሳቅ) በኋላ የተረዳሁት፣ ማሽኑ የራሱ የሆነ ግራፊክስ ካርድ የሌለው፣ ባትሪ እንዲቆጥብ ተብሎ ለቢሮ ሥራ የተሠራ መሆኑን ነው። ሻጩ አልዋሸም፤ ስቲከሩ እውነተኛ ነበር። እኔ ጥርስ ማየት ሲገባኝ ኮርቻ አይቼ ገዛሁ።

እንግዲህ የእኅቴ ልጅ ያን ስሕተት እንዳይደግም መረጃ መሰብሰብ ጀመርሁ። መጀመሪያ የገጠመኝ የገንዘቡ ታሪክ ነበር። ልጁ ማጠራቀም የጀመረው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ነው። በዚያን ቀን የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስሌቱ ቀላል ነው። በውጭ አገር 500 ዶላር የሚያወጣ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይታሰብ፣ ከ28,500 ብር ተነሥቶ ከ50,000 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ በፊትም ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ብር 15 በመቶ ወርዶ ነበር። ወደ ኋላ ሄደን እስከ 1985 ዓ.ም. መባቻ የነበረውን የ2 ብር ከ7 ሳንቲም ምንዛሪ ብናስብ ያው 500 ዶላር 1,035 ብር ነበር። ያን ጊዜ ግን የሚገዛ ላፕቶፕ አልነበረም፤ ምንዛሪውንም ሁሉም ሰው አያገኘውም። ልጁ በብር አጠራቀመ፤ ዕቃው በዶላር ይመጣል። በግ ገዝቶ ቢያረባበት ይሻለው ነበር ብትሉኝ አልከራከርም።

የገቢው ምንጭም አብሮ ደርቋል። ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፓርክ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከቆየበት የአደጋ መዝገብ በ2017 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ደባርቅ ተስፋ አድርጋ ነበር። ቀጥሎ ወረርሽኙ መጣ፤ ቀጥሎ ጦርነቱ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ማብቂያ ውጊያው ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ መጥቶ ብዙ ሰላማዊ ሰው አልቋል። በቅሎ የሚከራይ እንግዳ ከየት ይመጣል? ስለዚህ የልጁ ገንዘብ ሁለተኛ ጊዜ የሚገኝ ገንዘብ አይደለም። «ስሕተት ቢሆን ይማርበታል» የሚል ምክር ለሌላ አገር ልጅ ይሠራ ይሆናል፤ ለእርሱ ግን አይሠራም። የዚህ ሁሉ ጥያቄ ክብደት እዚህ ላይ ነው።

ከገንዘቡ ቀጥሎ ቦታው አለ። የውጭ ሰዎች ስለ ጌም ላፕቶፕ ለጀማሪ የሚጽፉትን ምክር ብዙ አነበብሁ። ጥሩ ምክር ነው፤ የተጻፈው ግን ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የላፕቶፕ ፋን ሙቀት የሚያወጣው አየር እየገፋ ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ያው ፋን በያው ፍጥነት የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። በርካታ አምራቾች መሣሪያቸው እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ድረስ እንደሚሠራ በመመሪያቸው ላይ ያሰፍራሉ፤ ደባርቅ ከወሰኑ ጥቂት ዝቅ ብላ ናት፤ ሳንቃበርና ጨነቅ ካምፖች ደግሞ ወሰኑን አልፈዋል። እርግጥ የደባርቅ ብርድ ራሱ ማቀዝቀዣ ነውና ከጉዳቱ የተወሰነውን ይክሳል። ቢሆንም ለቁመናው ውበት ተብሎ እንደ ደብተር የሳሳ፣ የአየር ቀዳዳው የጠበበ የጌም ላፕቶፕ ለዚያ አገር አይመችም። ወፍራሙና ከባዱ ይመረጣል። በቅሎ ሲመረጥም ደጋ ለመውጣት ደረቷ ሰፊ የሆነችው ትፈለጋለች፤ ይህን ስነግረው የልጁ አባት ወዲያው ገባው።

መብራትን በተመለከተ አብዛኛው ጀማሪ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ባትሪ ያለው ሁሉ መብራት ሲጠፋ የሚያጫውት ይመስለዋል። የጌም ላፕቶፕ ከሶኬት ሲነቀል ግራፊክስ ካርዱ ኃይሉን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ባትሪውም ከባድ ጨዋታ ላይ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልቅም። ስለዚህ በባትሪው ላይ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ከንቱ ነው፤ ያው ገንዘብ መከላከያ ላለው ጥሩ ዲቫይደር ወይም ለስታቢላይዘር ቢውል ይሻላል። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን መንቀል፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ታግሦ መሰካት፤ ይህን ጌም ቤቱ ባለቤት ያውቀው ነበር።

ኔትዎርኩስ? በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ግጭቱ ሲፋፋም የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። አሁን ያሉ ጨዋታዎች ደግሞ ገዢው ሁልጊዜ ኢንተርኔት እንዳለው አድርገው የሚያስቡ ናቸው። «ስቲም» የተባለው የጌም መደብር ያለ ኢንተርኔት ማጫወት ይችላል፤ ግን አስቀድሞ በኢንተርኔት ተከፍቶ ጨዋታው ተጭኖ መጠናቀቅ አለበት። «ጂ ቲ ኤ 5» ብቻውን ለኮምፒውተር በ2015 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 65 ጊጋ ባይት ቦታ ይጠይቅ ነበር። ይህን በደባርቅ ኔትዎርክ አውርዱ ብሎ መምከር ቀልድ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ዝግጅት ሁሉ፣ ዊንዶውሱን ማደስ፣ የግራፊክስ ካርዱን ድራይቨር መጫን፣ ጨዋታዎቹን ማስገባት፣ መኪና ከመሳፈሩ በፊት ጎንደር ላይ ማለቅ አለበት። ማከማቻውም እንደ ሌላው አገር 256 ጊጋ ባይት ቢሆን አይበቃም፤ አውርዶ፣ ተጫውቶ፣ አጥፍቶ፣ ደግሞ ማውረድ የሚቻለው ኔትዎርክ ያለው ነው። የሌለው ያከማቻል። ጎተራ የሚሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ምርጫው ልምጣ። የሙያው ሰዎች በአዳራሹ ስላላችሁ ብሳሳት ታርሙኛላችሁ። አነስተኛ ገንዘብ ያለው ጀማሪ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፕሮሰሰሩ ሳይሆን የራሱ ግራፊክስ ካርድ ስለመኖሩ ነው። በእኔ አስተያየት በእኛ አገር አቅም ሚዛኑ የሚያርፈው በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው «ጂ ቲ ኤክስ 1650» ላይ ነው፤ 4 ጊጋ ባይት የራሱ ሜሞሪ አለው፤ ቁጥሩ የበዛ ስለተመረተ በያገለገለ ገበያ ይገኛል፤ የኳስና የመኪና ጨዋታዎችን ያለ ችግር ያስኬዳል። ከእርሱ በፊት የነበረው «1050» በጣም ካልረከሰ አልመክርም። ካርዶች በ2020 እና 2021 እ.ኤ.አ. በወረርሽኙና በዲጂታል ገንዘብ ቁፋሮ ምክንያት በዓለም ዙሪያ ዋጋቸው ንሮ ነበር፤ ያ ጊዜ አልፏል።

ፕሮሰሰሩ ሁለተኛ ይመጣል። እዚህ ላይ «አይ 5» ወይም «አይ 7» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ትውልዱ መነበብ አለበት። የስምንተኛው ትውልድ «አይ 5» የሰባተኛውን የቢሮ «አይ 7» በብዙ ሥራዎች ይበልጣል። ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ በታች ያለው በይፋ ዊንዶውስ 11ን አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ከሞዴሉ ቁጥር መጨረሻ ያለችው ፊደልም ትነበብ፦ «ኤች» ያለው ለከባድ ሥራ፣ «ዩ» ያለው ለባትሪ ቁጠባ ነው። የእኔው ማሽን «ዩ» ነበረች። ራም 8 ጊጋ ባይት መነሻ ይሁን፤ ነገር ግን ሁለተኛ ራም የሚገባበት ቀዳዳ መኖሩ ይረጋገጥ፤ ገንዘብ ሲገኝ ወደ 16 ያድጋል። ማከማቻውና ራሙ በኋላ ይለወጣሉ፤ ግራፊክስ ካርዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከላፕቶፑ ቦርድ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይለወጥም። ገንዘቡ መጀመሪያ መሄድ ያለበት በማይለወጠው ላይ ነው።

የላፕቶፑ ጥርስ ያልሁት ግን ቻርጀሩ ነው። ለምንም ዓይነት ጀማሪ የሚቀልና የማይዋሽ ምልክት እርሱ ይመስለኛል። ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ 45 ወይም 65 ዋት ካለ ማሽኑ የቢሮ ነው፤ ወይም ቻርጀሩ የሌላ ማሽን ነው፤ በሁለቱም መንገድ ገዢው ይጠንቀቅ። የራሱ ግራፊክስ ካርድ ያለው ማሽን ብዙውን ጊዜ 135፣ 150 ወይም ከዚያ በላይ ዋት ይዞ ይመጣል። ቀጥሎ ሻጩ ፊት ማሽኑን አስነሥቶ፣ «ታስክ ማኔጀር» የሚለውን ከፍቶ፣ የግራፊክስ ካርዱን ስም በዓይን ማየት ነው። ከዚያ አንድ ከባድ ጨዋታ አስከፍቶ ሃያ ደቂቃ መቀመጥ። በቅሎዋን ማስሄድ ማለት ይህ ነው። ሃያ ደቂቃ አልሰጥም የሚል ሻጭ ካጋጠመ አመስግኖ መውጣት ነው።

ገንዘቡ ለዚህ ካልበቃስ? ይህ ጥያቄ ባይነሣ ደስ ባለኝ፤ የብዙዎቹ ጥያቄ ግን እርሱ ነው። የራሱ ካርድ የሌለው ሆኖ ከፕሮሰሰሩ ጋር የተዋሐደ ሻል ያለ ግራፊክስ ያላቸው «ራይዘን» የሚባሉ ማሽኖች አሉ፤ የቆዩ ጨዋታዎችን ያስኬዳሉ፤ ለትምህርትም ያገለግላሉ። ከዚያ በታች ከሆነ ግን ገንዘቡን ይዞ ጌም ቤት መጫወት ይሻላል እላለሁ። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ለጌም ተብሎ ይህን ያህል?» ይሉኛል። ያው ግራፊክስ ካርድ የኢንጂነሪንግ ተማሪው «አውቶካድ»ን፣ ቪዲዮ የሚያቀናብረው ልጅ ሥራውን የሚያስኬድበት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «ቀኔ ጌምስ» የተባለ ድርጅት ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮን የሚያሯሩጥ «ኩኩሉ» የሚባል ጨዋታ ሠርቷል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። ጨዋታ ሠሪ የሚወጣው ከጨዋታ ተጫዋች መካከል ነው። ሆኖም ልጁ መጫወት ብቻ ፈልጎ ቢገዛም አልወቅሰውም። ራስ ወልደ ሥላሴን ሰንጠረዥ ለምን ተጫወቱ ብሎ የከሰሳቸው የታሪክ ጸሐፊ አላነበብሁም።

ልጁ ጎንደር መጣ፤ አብረን ሦስት ሱቅ ዞርን። በመጀመሪያው ሱቅ ስቲከር አሳዩን። በሁለተኛው ዋጋው ከአቅም በላይ ነበር። በሦስተኛው አንድ ወፍራም፣ ክዳኑ የተጫረ፣ ከዓረብ አገር የመጣ ላፕቶፕ አገኘን። ልጁ ምንም ሳይናገር ቻርጀሩን ገልብጦ አነበበ፤ 150 ዋት ይላል። ሻጩ ፈገግ ብሎ «ማን አስተማረህ?» አለው። ሃያ ደቂቃ ተቀመጥን፤ እንዲያውም ሠላሳ ሆነ። የማከማቻው መጠን አነስተኛ ስለነበር ተከራክረን ትልቅ ኤስ ኤስ ዲ በጥቂት ብር አስለወጥን። ስክሪኑ ጥግ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ አለች፤ እርሷ ዋጋ አስቀነሰችልን። ሁለት ሌሊት እኔ ቤት አድሮ የሚጫነውን ጭኖ፣ በጋቢ ጠቅልሎ በሚኒባስ ተሳፈረ።

ባለፈው ፋሲካ ደባርቅ ሄጄ አየሁት። ላፕቶፑ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከጀርባው ከፍ እንዲል ሁለት የእንጨት ቁራጭ ተደርጎለታል፤ አየር እንዲገባው። ዙሪያውን አምስት ልጆች ቆመዋል። አንዱ ይጫወታል፤ የተሸነፈ ይነሣል። «ታስከፍላቸዋለህ እንዴ?» አልሁት። «ብር አልቀበልም ጋሼ» አለኝ፤ «ጎንደር የሚወርድ ሰው አንድ አንድ አዲስ ጌም በፍላሽ ይዞልኝ ይመጣል።» አባቱ ከደጃፉ ሆኖ ለጎረቤት ልጅ ቻርጀር ሲገዛ ምን ማንበብ እንዳለበት ያስረዳ ነበር።

ለጥያቄ ጊዜ ያለን ይመስለኛል።